ክርክር፦ ፋይበሩ ላይ የማን ቁጥር ይለጠፍ?

መነሻ፦ አዲሱ ረቂቅ መመሪያ ራውተር (የኔትወርክ መረጃ አስተላላፊ ማሽን) ላይ የሚሰካ ፋይበር (መረጃ በብርሃን የሚሄድበት ገመድ) ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ተከታታይ ቁጥር ይለጠፍበት ይላል። እስካሁን የምንለጥፈው ራውተሩ ፖርቱን፣ ማለትም ገመዱ የሚሰካበትን ቀዳዳ፣ የሚጠራበትን ስም ነበር። የቱ ይሻላል?

የማታ ተረኛ፦ እኔ ረቂቁን እቃወማለሁ። አላርሙ «ኢቲ-0/0/3 ወድቋል» ነው የሚለው። «ፋይበር 217 ወድቋል» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማሽን ክፍል ያለው ልጅ በስልኩ መብራት ነው መለያ የሚያነበው። 217 የቱ ፖርት ላይ እንዳለ ለማወቅ ኤክሴል ይፈልጋል። ኤክሴሉ ደግሞ ዓመት ፈቃድ የወጣ ሰው ላፕቶፕ ላይ ነው።

ሰነድ ያዥ፦ ነገሩ ወደ እኔ ነው መሰለኝ፣ ሃሃሃ። ግን የራውተሩ ስም ይቀያየራል እኮ። ጁኒፐር በሚባለው ራውተር ላይ 1 ጊጋ ፍጥነት ያለው ሞጁል (ፋይበሩን የሚቀበል ተሰኪ ዕቃ) ስትሰካ ጂኢ-0/0/3 ነው። አውጥተህ የ10 ጊጋውን ስትሰካ ኤክስኢ-0/0/3 ይሆናል። ቀዳዳው ያው፣ ፋይበሩ ያው፣ መለያው ግን ውሸታም ሆነ። ውሸታም መለያ ደግሞ ከባዶው ይብሳል።

የማታ ተረኛ፦ ፊደሏን ተዋታ! 0/0/3 ብለህ ለጥፍ። ካርድ፣ ንዑስ ካርድ፣ ፖርት። ፍጥነቱ ቢቀየር ቁጥሩ አይነካም።

ገመድ ጎታች፦ እኔን የሚያሳብደኝ ሌላ ነው። ስልክ ተደውሎ «ሦስተኛው ፖርት ላይ ሰካው» ይባላል። ጁኒፐር ከ0 ነው የሚቆጥረው፤ 0/0/3 ማለት አራተኛው ቀዳዳ ነው። የሲስኮ ኩባንያ ካታሊስት የሚባለው ማሽን ደግሞ ከ1 ይጀምራል፣ 1/0/1 ብሎ። በዚያ ላይ ብዙ ማሽን ላይ ቁጥሩ ወደ ጎን አይሄድም፤ አንዱ ላይ፣ ቀጣዩ ታች ነው። ስለዚህ እባካችሁ «ሦስተኛው» የምትሉትን ተዉልኝ። ሙሉ ቁጥሩን ንገሩኝ።

ሰነድ ያዥ፦ የተከፈለውን ፖርትስ ምን ልታደርጉት ነው? አንድ የ100 ጊጋ ፖርት አራት ባለ 25 ጊጋ ሲሆን ጁኒፐር ከ:0 እስከ :3 ይጨምርበታል። አይኦኤስ ኤክስአር የሚባለው ሶፍትዌር ያለው ሲስኮ ደግሞ በአራቱ ቁጥር ላይ አምስተኛ ይቀጥላል። ካርዱን ከአንድ ስሎት (የካርድ መክተቻ) ወደ ሌላ ካዛወርከው ሁሉም መለያ ይበላሻል። 217 ግን የትም ቢሄድ 217 ነው።

ጋሽ ስፕላይስ፦ ልጆች፣ የምታወሩት ስለ ሁለት ነገር ነው። ገመድ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ እሱ አይቀየርም። ፖርቱም የራሱ ስም አለው። ማገናኛው ራውተሩ ውስጥ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ፖርት ማስታወሻ የሚጻፍበት ዲስክሪፕሽን የሚባል ቦታ አለ። «ገመድ 217፣ ኦዲኤፍ (የፋይበር ማከፋፈያ ሳጥን) 2፣ ወደ እንትን» ለማለት መች አነሰ? ያኔ ዲስክሪፕሽኑን እንዲያሳይ ካደረግነው አላርሙ ራሱ የገመዱን ቁጥር ይዞ ይመጣል።

የማታ ተረኛ፦ ጋሼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ዲስክሪፕሽን በእጅ ነው የሚጻፈው። ማን ያድሰዋል? ይልቅ ኤልኤልዲፒ፣ ማሽኖች ለጎረቤታቸው ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት ዘዴ፣ ይብራ። ማዶ ያለው ማሽን ስሙንና ፖርቱን ራሱ ይናገራል።

ጋሽ ስፕላይስ፦ መስመሩ ሲቆረጥስ? ብርሃን ከሌለ ጎረቤትህም የለም። በተለመደው አሠራር ቢበዛ 2 ደቂቃ ቆይቶ ከዝርዝሩ ይወጣል። በጣም በምትፈልገው ሰዓት ዝም ይልሃል።

ገመድ ጎታች፦ እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ በሁለት ነገር ብቻ። መለያው የገመዱ ሁለቱም ጫፍ ላይ ይሁን። ደግሞ ከኮኔክተሩ፣ ከሚሰካው የገመዱ ጫፍ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ይለጠፍ። አፍንጫው ላይ ከለጠፋችሁት 48 ገመድ በተሰካበት ማሽን ላይ ጎረቤቱን ሳልነቀንቅ አላነበውም።

ሰነድ ያዥ፦ እንግዲያው ረቂቁን እንዲህ ላስተካክለው፦ ገመዱ ላይ ቋሚ ቁጥር፣ ዲስክሪፕሽን ውስጥ ያው ቁጥር። ገመድ የነካ ሰው ዲስክሪፕሽኑን ሳያድስ ቲኬቱን (የሥራ መዝገቡን) አይዝጋ።

የማታ ተረኛ፦ 0/0/3ም ከቁጥሩ ሥር ይጻፍ። ያለሱ አልፈርምም።

ሰነድ ያዥ፦ ካርድ ሲዛወር አንተ ትልጣለህ?

የማታ ተረኛ፦ እልጣለሁ።