ዱባይ ላይ የባቡር ካርዱ ነገር፦ ከእናቴ ጋር ነኝ፣ የቱን ልግዛ?

አያት ጨፌ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና እማዬ በሚቀጥለው ወር ለጥቂት ቀን ዱባይ እንሄዳለን። ለሥራ አይደለም፣ ለዕቃም አይደለም። ለማየት ብቻ ነው። እማዬ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ "አንድ ቀን አውሮፕላን ውስጥ ቁጭ ብዬ ደመናውን ከላይ ባየው" ትላለች። ወንድሜ ትኬቱን ቆረጠልን። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ጣጣ ነው።

ሆቴላችን ዴራ ውስጥ አል ሪጋ የሚባል ሰፈር ነው። ታክሲ ኪስ ያራቁታል፣ በባቡር ሂዱ አሉኝ። ለባቡሩ ደግሞ ኖል የሚባል ካርድ ያስፈልጋል። ቀይ አለ፣ ሲልቨር አለ፣ ጎልድ አለ፣ ሰማያዊ አለ። ገና ሳልሄድ ዞረብኝ። እኔ የማውቀው ባቡር ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውን ነው። ወረቀቷን ትቆርጣለህ፣ ተጋፍተህ ትገባለህ፣ አለቀ።

ሁለታችን በአንድ ካርድ መግባት እንችላለን? ለአዛውንት ቅናሽ አለው? እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ስንወጣም ካርዱን ማስነካት አለብን የሚባለውስ እውነት ነው? እማዬ ደግሞ የራሷ ጥያቄ አላት። "ገንዘቡን ማነው የሚቀበለን?" አለችኝ። ካርዱ ላይ ራሱ ይቆርጣል ስላት "ስንት እንደቆረጠ በምን አውቃለሁ?" አለች። መልስ አጣሁ።

የካ አባዶ፦

እንኳን ደስ ያላችሁ እህቴ። እኔ ለዕቃ የምመላለስ ሰው ነኝ፤ ከሆቴሉ ይልቅ ባቡሩን አውቀዋለሁ።

ሲልቨሩን ግዙ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ። በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይገባም፤ በሩ ቆጥሮ ነው የሚያስገባው።

ማሽኑ ፊት ስትቆሙ ቀዩ ያጓጓችኋል፤ ወረቀቱ 2 ድርሃም ብቻ ነው። ሲልቨሩ 25 ነው። ግን ከ25ቱ ውስጥ 19ኙ የራስሽ ሂሳብ ነው፣ ትሄጂበታለሽ። ካርዱ ራሱ 6 ድርሃም ብቻ ወሰደ ማለት ነው። ቀዩ ደግሞ በየጉዞው 1 ድርሃም ይጨምርብሻል። ከተማዋ ለባቡር ዋጋ ዞን በሚባሉ ክልሎች ተከፋፍላለች። በአንድ ዞን ውስጥ ሲልቨር 3 ሲቆርጥ ቀዩ 4 ነው። ወደ ጎረቤት ዞን ስትሻገሪ 5 እና 6። ከሁለት ዞን በላይ ሲሆን 7.5 እና 8.5። አራት ጊዜ ከተሳፈርሽበት ሂሳቡ እኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲልቨሩ ያተርፋል። አራት ጉዞ ማለት እኮ ሁለት ቀን አይሞላም።

ከብሩ በላይ ግን ቀዩን የምጠላበት ሌላ ምክንያት አለ። ቀዩ የሚሠራው በአንድ ዓይነት ትራንስፖርት ብቻ ነው። ለባቡር ከሞላሽው ለባቡር ብቻ ነው፤ ወርደሽ አውቶቡስ ልያዝ ብትዪ ሌላ ቀይ ትገዣለሽ። አውቶቡሶቹ ደግሞ ጥሬ ብር የሚባል ነገር አይነኩም። ሹፌሩን "ልስጥህ" ብትዪው እንኳ አይቀበልሽም። ድራገን ማርት የሚባለው ገበያ ብትሄጂ ባቡሩ አይደርስም። ሴንተርፖይንት ከሚባለው የቀዩ ባቡር መስመር መጨረሻ ወርደሽ አውቶቡስ ነው። በሲልቨር ከሆነ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከቀየርሽ እንደ አንድ ጉዞ ይቆጥረዋል፣ አዲስ አይጀምርብሽም። (ለዕቃ አይደለም ብለሻል። እሺ። እናያለን።)

ለእናትሽ ጥያቄ ደግሞ፦ ካርዱን ሲያስነኩ በሩ ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን ቁጥር ታሳያቸዋለች። ሲገቡ ያለውን ሂሳብ፣ ሲወጡ የተቆረጠውንና የቀረውን። መነጽራቸውን ይያዙ እንጂ ከእኛ ሰፈር ረዳት የተሻለ ትታመናለች። እንደ ረዳቱ "መልሱን ቆይ፣ ስትወርጂ እሰጥሻለሁ" አትላቸውም።

ቱሉ ዲምቱ፦

እኔ የምለው ግን፣ ለጥቂት ቀን ይሄ ሁሉ ሂሳብ ምንድነው? እናትሽን ይዘሽ ደረጃ ለደረጃ ከምትንከራተቺ በስልክሽ መኪና ጥሪ። ሽርሽር ነው ያልሽው። እዚህ በየቀኑ የምንጋፋው አይበቃም?

የካ አባዶ፦

@ቱሉ ዲምቱ ወንድሜ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ታክሲ ተሰልፎ የሚያመሽ ሰው "ግፊያ" ሲባል ለምን እንደሚደነግጥ ይገባኛል። የዚያ ግን ሌላ ነው። ሊፍት አለ፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ፣ ቅዝቃዜ አለ። እናቶቻችን ውጭ ያለውን ሙቀት ሲያዩ ባቡሩ ውስጥ ነው ነፍሳቸው የምትመለሰው።

ደግሞ ከኤርፖርት የሚነሳ ታክሲ ገና ሳይንቀሳቀስ ቆጣሪው 25 ድርሃም ላይ ነው የሚጀምረው። ከተርሚናል 1 ጣቢያ እስከ አል ሪጋ በባቡር ግን አንድ ዞን ነው፣ 3 ድርሃም። በ25 ድርሃም እኮ ሲልቨሩን ገዝቶ እስከ ሆቴል ደርሶ 16 ይተርፋል። ሌሊት ደርሳችሁ ባቡር ከተዘጋ ያን ጊዜ ታክሲ ያዙ፣ አልከራከርም። ቀን ላይ ግን የታክሲውን ብር ለምሳ አድርጉት።

ለቡ ነበርኩ፣ አሁን ዱባይ፦

እዚሁ ነው የምኖረው፣ ጥቂት ልጨምር።

የካ አባዶ ስለ ሲልቨር ያለችው ልክ ነው። ሰማያዊውን እርሺው። በስም የሚመዘገብ ካርድ ነው፣ የአዛውንት ቅናሹም ያለው እሱ ላይ ነው። ነገር ግን ምዝገባው ለጥቂት ቀን እንግዳ የሚሆን አይደለም። ጎልዱ ዋጋው እጥፍ ነው። ባቡሩ ሹፌር የለውም፤ ስለዚህ ጎልዶቹ ፊት ለፊት ባለው ትልቅ መስኮት ከተማውን እያዩ ይሄዳሉ። እናትሽ ደመና ማየት ከወደዱ እሱንም ይወዱታል። ግን ወንበር ማግኘት ዕድል ነው። እኔ ብሆን በዚያ ብር ጀልባ አሳፍራቸዋለሁ።

የሴቶችና የሕፃናት ፉርጎ አለ። መድረኩ ላይ ወለሉ በሮዝ ቀለም ተጽፎበታል፣ እዚያ ጋ ቁሙ። ወንድ ከገባበት 100 ድርሃም ይቀጣል። ሲልቨር ይዞ ጎልድ ውስጥ የተቀመጠም እንደዚያው። ተቆጣጣሪዎች በእጃቸው ትንሽ ማሽን ይዘው ይዞራሉ፣ ካርድሽን ያስነኩሻል፣ ወዲያው ያውቃሉ። "አላወቅኩም፣ እንግዳ ነኝ" የሚለው ብዙም አያዋጣም።

መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክ እንኳ ክልክል ነው። ይሄም 100 ነው። እናትሽ ቦርሳቸው ውስጥ ቆሎ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ይኑር፣ ሆቴል ሲደርሱ ይወጣል።

ሻንጣም ልክ አለው። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነው የሚፈቀደው። ትልቁ 81 በ58 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው። ተራ ሻንጣ ያልፋል። በገመድ የታሰረ ማዳበሪያ ግን ጥበቃዎቹን ያነቃቸዋል።

አያት ጨፌ፦

ተባረኩ! ሁላችሁንም ለእማዬ እያነበብኩላት ነው። ቆሎው ላይ ስትደርስ "ይሄ ሰው ያውቀኛል እንዴ?" አለች።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ካርድ አለ ይባላል፤ እሱ አይሻልም? ሁለተኛ፣ የእማዬ ካርድ። ገንዘቧን መቀነቷ ውስጥ ነው የምትቋጥረው። ካርዱንም እዚያው እቋጥራለሁ ብላለች። ሞባይሏም፣ የቤት ቁልፏም፣ የእመቤታችን ሥዕልም እዚያው ነው። በሩ ላይ ቆማ ስትፈታ ከኋላ የተሰለፈው ፈረንጅ ምን ሊል እንደሚችል አስቡት።

የካ አባዶ፦

ሳቄን አመጣሽው። የእኔም እናት እንደዚያ ናት። ካርዱን እንደ ሥራ መታወቂያ አንገት ላይ በሚንጠለጠል ፕላስቲክ ውስጥ ክተቺላቸው። መርካቶም ሜክሲኮም በየመንገዱ አለ፣ ከዚህ ገዝተሽ ሂጂ። ሳያወጡት ከነፕላስቲኩ ቢያስነኩት ያነበዋል። ሲገቡ ያስነካሉ፣ ሲወጡ ያስነካሉ። መውጫውን አደራ። በሩ ስለሚዘጋ ባቡር ላይ መርሳት ይከብዳል፤ አውቶቡስ ላይ ግን ማሽኑ በሩ አጠገብ ቆሞ ነው የሚጠብቅሽ፣ የሚያስቆምሽ የለም። ስትወርዱ ካላስነካችሁ የሄዳችሁበትን ርቀት አያውቅም፣ ትልቁን ሂሳብ ነው የሚወስደው። አውቶቡስ ላይ የእሳቸውን ካርድ አንቺ ያዥና ሁለቱንም አስነኪ።

የቀን ካርዱ 20 ድርሃም ነው። አሁን አብረን እናስላው። ከአል ሪጋ ዱባይ ሞል ጎረቤት ዞን ነው፣ ደርሶ መልስ 10። ማሪና የሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ሩቅ ነው፣ ደርሶ መልስ 15። ወርቅ ገበያው እዚያው ዴራ ውስጥ ነው። አንድ ፌርማታ ሄዳችሁ ዩኒየን ላይ ወደ አረንጓዴው መስመር ትቀይራላችሁ፣ ደርሶ መልስ 6። እናትሽን ይዘሽ በአንድ ቀን ከሁለት ቦታ በላይ አትረግጪም። ዱባይ ሞል ብቻውን ቀኑን ይበላዋል፤ ከጣቢያው እስከ ሞሉ ያለው የመስታወት መተላለፊያ ራሱ መንገድ ነው። ተንቀሳቃሽ ወለሉ ላይ ቆመው ይሂዱ፣ አይቸኩሉ። እና የቀን ካርድ አያስፈልግሽም። ሞልና ማሪናን በአንድ ቀን ለየብቻ ደርሶ መልስ የምትይ ከሆነ ብቻ አስቢበት።

ሂሳብ ስትሞሉ ደግሞ ማሽኑ ላይ ሙሉ። የቲኬት መስኮቱ ላይ ከ50 ድርሃም በታች አይሞሉልሽም፤ ያን ያህል ደግሞ በጥቂት ቀን አትጨርሱትም።

ለቡ ነበርኩ፣ አሁን ዱባይ፦

እሑድ የምትወጡ ከሆነ ባቡሩ የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በሌላው ቀን ገና ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይጀምራል። የነገርኩሽ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ስልክሽ ላይ 8 እና 5 ሆኖ ታይዋለሽ። ዱባይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ሰዓታችሁን እንዳረፋችሁ አስተካክሉ። እሑድ ጠዋት በረራ ካላችሁ ያን ቀን ታክሲ ነው።

ያልኩሽን ጀልባ አትርሺ። አብራ ይባላል። ከዴራ ወደ ቡር ዱባይ ሰፈር ክሪኩን፣ ማለት ወደ ከተማዋ የገባውን የባሕር ክንድ፣ ያሻግራል። ለእሱ ካርድ አይጠይቁም፤ 1 ድርሃም ሳንቲም ለጀልባው ሰው በእጁ ትሰጣላችሁ።

አያት ጨፌ፦

እማዬ የመጨረሻውን ስትሰማ ፈገግ አለች። "ይኸው፣ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አለ!" ብላለች። ጀልባው የመጀመሪያ ቀን ላይ ገብቷል።

ስንመለስ ካርዱ ላይ ትንሽ ሂሳብ ቢተርፍስ?

የካ አባዶ፦

ሲልቨሩ ስም የለበትም፣ 5 ዓመት ይሠራል። ከአያት አባዶ ሩቅ አይደለም። ሁለቱንም ይዘሽልኝ ነይ፣ የተረፈውን በብር እከፍልሻለሁ። ለዕቃ አይደለም ብለሽ የገዛሽውንም ታሳዪኛለሽ።