10 ጊጋኸርዝ ላይ ዲጂታል ድምፅ ለምን እምቢ አለኝ?

ሞገደኛ፦
ሰላም ጓዶች። ለአማተር (የትርፍ ጊዜ) ሬዲዮ የ10 ጊጋኸርዝ ትራንስቨርተር (ፍሪኩዌንሲ ቀያሪ ሳጥን) ሠርቼ ከ144 ሜጋኸርዝ ሬዲዮዬ ጋር አገናኝቼዋለሁ። ኮረብታ ላይ ወጥቼ ከጓደኛዬ ጋር በኤስኤስቢ (ዲጂታል ባልሆነ የድምፅ ዘዴ) እናወራለን፣ ማስተካከያዋን ትንሽ እየነካካሁ ድምፁ ጥርት ብሎ ይገባል። ወደ ዲ-ስታር (ዲጂታል ድምፅ) ስናዞረው ግን ወይ ጭጭ ይላል ወይ እየተንተባተበ ይቆረጣል። የሲግናል መለኪያው መርፌ ግን እላይ ነው! ኤፍቲ8ም (አጭር ጽሑፍ የሚልክ ዲጂታል ዘዴ) ያው ነው፤ ዋተርፎሉ (ሲግናሉን በመስመር የሚያሳየው ስክሪን) ላይ መስመሯ ትታየኛለች፣ ጽሑፍ ግን ጠብ አይልም። ኃይል ልጨምር ወይስ ዲሹን ላሳድግ?

ሳጥን_ከፋች፦
ሁለቱንም ተው። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፣ «ማስተካከያዋን እየነካካሁ» ያልካት ናት። ኤስኤስቢ ላይ ድምፁ ሲቀጥን ወይም ሲወፍር እጅህ ሳታስበው ቁልፉን ያዞራል፣ የቀረውን ጆሮህ ይችለዋል። ዲጂታል እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ኦሲሌተርህ (ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው፣ ክሪስታል ያለበት ክፍል) ከሚሊዮን አንድ እንኳ ቢሳሳት 10368 ሜጋኸርዝ ላይ ስህተቱ ከ10 ኪሎኸርዝ ያልፋል፣ የዲ-ስታር ድምፅ ደግሞ ጠቅላላ ስፋቱ 6.25 ኪሎኸርዝ ነው። መርፌህ እላይ ስለሆነ ጨርሶ አልወጣህም፣ ጠርዝ ላይ ግን ተንጠልጥለሃል። ኤፍቲ8 ይብሳል፤ መልእክቱን በሚሸከሙት ቃናዎች መሃል ያለው 6.25 ኸርዝ ብቻ ነው፣ አንድ መልእክት ደግሞ 12.64 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያች ጊዜ 30 ኸርዝ ከተንሸራተትክ አለቀ። እስቲ ንገረኝ፣ መስመሯ ቀጥ ያለች ናት ወይስ ያዘመመች?

ሞገደኛ፦
ያዘመመች! ንፋስ ሲነፍስ ደግሞ ትታጠፋለች። እኔኮ የዲሹ መወዛወዝ መስሎኝ ነበር።

ሳጥን_ከፋች፦
ዲሽ ሲወዛወዝ ሲግናሉ ይደክማል እንጂ ፍሪኩዌንሲው አይሄድም። ንፋሱ ክሪስታሉን እያቀዘቀዘው ነው። ክዳኑን ከፍተህ ኦሲሌተሩ ላይ እፍ በልበት፣ መስመሯ ስትሮጥ ታያለህ። ዘላቂው መፍትሔ በጂፒኤስ የሚታረም የ10 ሜጋኸርዝ ማመሳከሪያ ምንጭ ነው፣ ሁለታችሁም ጋ።

ዝናብ_አሳዳጅ፦
ጂፒኤሱ ልክ ነው፣ ግን ሁሉን አይፈታም። እኔ የምሠራው ከዝናብ ደመና ላይ በሚነጥር ሲግናል ነው። ጠብታዎቹ ስለሚንቀሳቀሱ ንጹሑ ቃና ተበትኖ እንደ ሹክሹክታ ይሆናል፣ እዚያ ላይ ኤፍቲ8 ዋጋ የለውም። ኪው65 (ለደካማ ሲግናል የተሠራ ሌላ የጽሑፍ ዘዴ) ሞክር፣ የ60 ሰከንዱን፣ «ዲ» የሚባለውን ዓይነት። የቃናዎቹ ርቀት 13.33 ኸርዝ ነው፣ ደካማ ሲግናልም ቢሆን ተደጋጋሚውን መልእክት እየደማመረ ያወጣዋል። ዲጂታል ድምፅ በእኔ እምነት ፊት ለፊት ለሚተያዩ ጣቢያዎች ብቻ ነው፤ ተቃዋሚ ካለ ይምጣ።

ኬብል_ጠላ፦
ልቃወም አይደለም የመጣሁት፣ ግን በጠባብ ሲግናል ለምን ትጨነቃላችሁ? 5 ጊጋኸርዝ ላይ የዋይፋይ ዕቃዎችን ሶፍትዌር ቀይረን ዳታ እናስተላልፍባቸዋለን። ስፋቱ 10 ሜጋኸርዝ ስለሆነ የጥቂት ኪሎኸርዝ መንሸራተት ቁምነገር አይደለም፣ ድምፁንም በዚያው በኢንተርኔት ስልክ መልክ ትልካለህ። ምስጠራውን ግን አጥፉት፣ አማተር የመልእክቱን ፍቺ መደበቅ አይፈቀድለትም። ዛፍንም ተጠንቀቁ። የእኛ ሊንክ ቆንጆ ሲሠራ ከርሞ መሃል ላይ ያለ አንድ ዛፍ ቅጠል ሲያወጣ ድራሹ ጠፋ።

ሞገደኛ፦
ጂፒኤሱ እስኪመጣ ኦሲሌተሩን በስፖንጅ ጠቀለልኩት፣ ከማራገቢያውም አራቅኩት፣ ከማስተላለፌ በፊት ግማሽ ሰዓት አሞቅኩት። የቢከኑ (ሁልጊዜ የሚያስተላልፍ የመሞከሪያ ጣቢያ) መስመር አሁን ቀጥ ብላለች፣ ኤፍቲ8ም መነበብ ጀምሯል። የጓደኛዬ መስመር ግን አሁንም ያዘመመች ናት፣ ለካ ሁለታችንም ነበርን። ሳጥንህን ክፈት ብዬ ብደውልለት ስልክ አያነሳም።