«ጌት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ጋር ተፋጥጫለሁ፤ እርዱኝ

እንግሊዝኛ የምታውቁ ወገኖች፣ «ጌት» የተባለው ግሥ አላስቀምጥ ብሎኛል። ማግኘት፣ መቀበል፣ መድረስ የሚሉት ፍቺዎቹ አያስቸግሩኝም። ቅጽል ሲከተለው የሁኔታ ለውጥን እንደሚያሳይ፣ ለምሳሌ «ጌት ታየርድ» ማለት መድከም እንደሆነም ገብቶኛል። «አፕ» እና «ኦቨር»ን የመሳሰሉ ቃላት ሲታከሉበት የሚያወጣው አዲስ ትርጉም ደግሞ ከመሸምደድ ሌላ መላ ያለው አይመስለኝም፤ እሱን ተዉት።

የተቸገርኩት ግሡ ሌላውን ሰው ለማስደረግ ሲውል ነው። በአማርኛ «አስፈረምኩት» ስንል ለምነንም ይሁን አስገድደን «አስ» ብቻዋን ትበቃናለች። እንግሊዝኛ ግን ሦስት ግሦች ይደረድራል፦ «ሜድ ሂም ሳይን»፣ «ሃድ ሂም ሳይን»፣ «ጎት ሂም ቱ ሳይን» («ጎት» የ«ጌት» ኃላፊ ጊዜ ነው)። የመጀመሪያው ግዴታ፣ የመጨረሻው ማግባባት እንዳለበት አንብቤያለሁ። የመካከለኛውስ? ትእዛዝ ነው ወይስ እንዲሁ ሥራ ማሠራት? ከሦስቱ «ቱ»ን የሚፈልገው «ጌት» ብቻ የሆነውስ ለምንድን ነው? (ሰዋስው አዋቂዎች «ልማድ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ!)

ሌላው «ዋዝ ብሮክን» እና «ጎት ብሮክን» ናቸው። የመጀመሪያው «ተሰብሮ ነበር»ም «ተሰበረ»ም ሊሆን ሲችል፣ ሁለተኛው ድርጊቱን ብቻ የሚያሳይ ይመስለኛል። ልክ ነኝ? ከሆነስ በመደበኛ ደብዳቤ ላይ «ጎት ብሮክን» ብዬ ብጽፍ ያስነቅፈኛል? አሜሪካውያን «ጎትን» (gotten) የሚሉትን የ«ጌት» ቅርጽስ ለብሪታንያ አንባቢ ስጽፍ ልጠቀምበት? ምሳሌ ያለው መልስ ብትሰጡኝ ይበልጥ ይጠቅመኛል።