የካድዋሎን ዘር ቆጠራ እስከ ማን ድረስ ይታመናል?

ከዚራ_ጥግ፦
ድሬ ላለው የታሪክ ክበባችን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የዘር ሐረግ እየሠራን ነው። ሰውየው የግዊነድ (ሰሜን ዌልስ) ንጉሥ ካድዋሎን ነው፤ በ633 ከመርሲያው ፔንዳ ጋር ሆኖ የኖርተምብሪያውን ኤድዊን የገደለው፣ በ634 በኦስዋልድ ጦር የተገደለው። ሐረጉን እስከ ማን እንቁጠር? ደግሞ «ሮም ሄዶ ሞተ» የሚል አግኝተናል። ኤድዊን የሞተበትን ኦክቶበር 12ንም ወደ እኛ አቆጣጠር ስንለውጥ ሁለት የተለያየ መልስ እየመጣብን ነው።

ጀጎል5፦
ሮም የሞተው ሌላ ሰው ነው አቦ። የዌሴክሱ ኬድዋላ ሳክሰን ነው፤ በ688 ዙፋኑን ትቶ ሄደ፣ እዚያው ተጠምቆ በ689 አረፈ። ታሪኩን በ731 የጨረሰው መነኩሴው ቤዳ ሁለቱንም በላቲን በአንድ ስም ስለሚጽፋቸው ነው የሚምታቱት። በዚያ ላይ የካድዋሎን ልጅ ካድዋላድር አለ፤ ሦስቱን በተለያየ ቀለም ጻፏቸው።

ሐረጉ ወደ ላይ እንዲህ ይሄዳል፦ ካድዋሎን፣ ካድቫን፣ ያጎ፣ ቤሊ፣ ሪን፣ ማይልጉን፣ ካድዋሎን ረጅም እጅ፣ አይንዮን፣ ኩኔዳ። በ1100 ገደማ የተገለበጠው ብራና ላይ በስሞቹ መሀል ያለው «ማፕ» ወንድ ልጅ ማለት ነው፣ የእኛ «ወልደ»። ዝርዝሩ የሚጀምረው ግን በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከነገሠው ኦዌን ነው፤ ከእሱ ወደ ካድዋሎን ስትወጡ አንድ ቦታ «ሜርኽ» ይላል፣ ሴት ልጅ። ሳያዩ ያለፉ ሰዎች ሴትዮዋን ወንድ ያደርጓታል።

ሸዋበር፦
ማይልጉን ላይ ቁሙ፤ እሱም ቢሆን በሙሉ እምነት አይደለም። ሂሳቡን ሥሩት። ማይልጉን በ547 በወረርሽኝ ሞተ ይላል የዌልስ ዓመታዊ መዝገብ። ከዚያ እስከ 634 ድረስ 87 ዓመት ነው፤ ለአምስት ትውልድ ሲካፈል 17 ዓመት ገደማ። ጠባብ ነው። ከማይልጉን በላይ ደግሞ በተቃራኒው ይለጠጣል፦ ኩኔዳ ማይልጉን ከመንገሡ 146 ዓመት በፊት ከሰሜን መጣ ይባላል፣ ዝርዝሩ ግን ቅድመ አያቱ ነው የሚለው። 146 ለሦስት፣ 49 ዓመት ገደማ! ስም ተዘልሏል ወይ ቁጥሩ ተጋኗል። ስለዚህ እስከ ካድቫን ድፍን መስመር፣ እስከ ማይልጉን ቁርጥርጥ፣ ከዚያ በላይ በነጥብ። ጫፉ ላይ «የድንግል ማርያም የአጎት ልጅ» የምትባል አና አለች፤ ያ የልደት መዝገብ አይደለም፣ የሥልጣን ማስረጃ ነው። ክብረ ነገሥትን ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አይከብድም።

ጀጎል5፦
ቀኑ ጥቅምት 15 ቀን 626 ነው። ቤዳ የጻፈው በጁልያን (ከዛሬው ግሪጎሪያን በፊት በነበረው የአውሮፓ አቆጣጠር) ነው፤ በዚያ ዓመት መስከረም 1 ኦገስት 29 ላይ ዋለ። ከዚያ ቁጠሩ፦ ሴፕቴምበር 28 ጥቅምት 1 ይሆናል። ለዋጩ ቀኑን ግሪጎሪያን ነው ብሎ ከወሰደው ጥቅምት 12 ይላችኋል። የያኔው የሁለቱ ልዩነት 3 ቀን ነው፤ የዛሬውን 13 ካስገባችሁ ደግሞ ጥቅምት 2 ላይ ትወድቃላችሁ።

ከዚራ_ጥግ፦
ገባን። አንግልሲ ደሴት ያለውን የካድቫን ድንጋይ ፎቶ ከስሙ ጎን ብናደርገውስ?

ሸዋበር፦
አድርጉት፣ ጽሑፉንም ተርጉማችሁ፦ «ንጉሥ ካታማኑስ፣ ከነገሥታት ሁሉ እጅግ ጠቢብ፣ እጅግ ስመ ጥር»። የአባቱንም የልጁንም ስም ግን አይጠራም። ካድቫን ነው የሚያሰኘው ስሙና ድንጋዩ ያለበት ቤተ ክርስቲያን በልጅ ልጁ በካድዋላድር መጠራቱ ነው፤ ይህን ከፎቶው ሥር ጻፉ።