በዱቤ የቆመ ሱቅ፦ የጀርመን አይሁድ በአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ከትልቅ ከተማ ርቆ ሱቅ መክፈት ያዋጣል ወይ በሚለው ውይይታችን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን አይሁድ መጠቀሳቸው ተገቢ ነው፤ ስኬታቸውን በቁጠባ ብቻ ማስረዳት ግን ነገሩን ያሳንሰዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1813 ከጀርመን ግዛቶች አንዷ በሆነችው በባቫሪያ የወጣው ሕግ በየቦታው የሚኖሩትን የአይሁድ ቤተሰቦች ቁጥር ስለ ገደበ፣ ብዙ ወጣቶች ትዳር ለመያዝ እንኳ ፈቃድ አያገኙም ነበር። አሜሪካ ሲደርሱ መርፌ፣ ክር፣ የልብስ ቁልፍና ጨርቅ ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ወስደው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ከእርሻ ወደ እርሻ ይዞሩ ነበር፤ ሲቀናቸው ጋሪ ይገዛሉ፣ ቆይተውም ሱቅ ይከፍታሉ። አበዳሪው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የመጣ ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ነበር፤ እንደኔ እምነት ዋናው ካፒታላቸው ይኸው ነው።

ለምሳሌ፣ በ1852 ከጀርመን ከተማ ከኦተርበርግ የመጣው ላዛረስ ስትራውስ በደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት በጆርጂያ ገጠር በጋሪ ሲነግድ ቆይቶ ታልቦተን በምትባል ትንሽ ከተማ ሱቅ ከፈተ፤ ቤተሰቡም በ1854 ተከተለው። በከተማዋ ሌላ የአይሁድ ቤተሰብ አልነበረም፤ ስትራውስ ኦሪትን በዕብራይስጥ ያነብ ስለነበር የአካባቢው ሰባኪዎች ከማዕዱ እየቀረቡ ያስተረጉሙት ነበር። ኑሮው ግን ባሪያዎች በሚያለሙት ጥጥ ላይ የቆመ የአገሩ ኢኮኖሚ አካል ነበር፤ ቤተሰቡም ባሪያዎች ነበሩት፤ ይህን ጎን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

በአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ዕቃ ሲወደድ የአውራጃው የክስ ሸንጎ፣ ማለትም ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የነዋሪዎች ጉባኤ፣ የአይሁድ ነጋዴዎችን አገር ወዳድነት የጎደላቸው ናቸው ሲል ወነጀለ። ውንጀላው እሱንም ስለሚነካ ስትራውስ ከተማዋን ለመልቀቅ ሲነሳ፣ የሸንጎው አባላት ራሳቸው ወደ እሱ መጥተው እንዳይሄድ እንደ ለመኑት ልጁ ኦስካር ጽፏል፤ ስትራውስ ግን በ1863 እዚያው ጆርጂያ ወዳለችው ኮለምበስ ከተማ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ ለሰሜን አሜሪካ ግዛቶች ጅምላ ነጋዴዎች የነበረበትን የቆየ ዕዳ ከፍሎ ጨረሰ። ከዚያም በኒው ዮርክ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ ንግድ ጀመረ፤ በ1874 ከነልጆቹ ሜሲ (Macy's) በተባለው የኒው ዮርክ ትልቅ መደብር ምድር ቤት ቦታ ያዙ፣ በ1896 ልጆቹ ኢሲዶርና ናታን መደብሩን ሙሉ በሙሉ ጠቀለሉት።

ለነዚህ ነጋዴዎች ሁሉ ከባዱ ነገር ሰንበት ነበር። ገበሬው ለገበያ ከተማ የሚወጣው ቅዳሜ ሲሆን፣ እሑድ ደግሞ በብዙ ቦታ ሕጉ ሱቅ ያዘጋል፤ ስለዚህ ቅዳሜን የሚያከብር ነጋዴ ሁለቱንም ቀን ያጣል። ብዙዎቹ ቅዳሜ ከፈቱ። ለማኅበር ጸሎት የሚያስፈልጉት አሥር ወንዶች ባልሞሉበት ከተማ ለበዓላት ወደ ትልቅ ከተማ ይጓዙ ነበር፤ የመቃብር ቦታ ግን በብዙ ስፍራ ከምኩራቡ ቀድሞ ተገዝቷል።