አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ ይቀርባል የሚባለው በምን ሚዛን ነው?

ጥያቄ፦
በትምህርት ቤት የተማርኩት አከፋፈል አዞን፣ እንሽላሊትን፣ እባብንና ኤሊን በተሳቢ እንስሳት መደብ ውስጥ አስቀምጦ ለአዕዋፍ የራሳቸውን መደብ የሚሰጥ ነበር። በቅርቡ ያነበብኩት ጽሑፍ ግን አዞ በዝምድና ከእንሽላሊት ይልቅ ለእርግብ እንደሚቀርብ ይናገራል። ቅርፊት ለብሶ በአራት እግሩ የሚሄደውን እንስሳ ከላባ ለባሽ ጋር የሚያዛምደው ምንድን ነው? መመሳሰል ካልሆነ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ዝምድናን በምን ይለካሉ?

መልስ፦
መመሳሰል ይቆጠራል፤ ነገር ግን ሁሉም መመሳሰል እኩል አይመዝንም። ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቪሊ ሄኒግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ሥራው እንደተከራከረው፣ ከሩቅ ቅድመ አያት ሳይለወጥ የቆየ ጠባይ የቅርብ ዝምድናን አያስረዳም፤ የሚያስረዳው በአንድ የዘር ሐረግ ላይ አዲስ ሆኖ የተገኘና ከዚያ የወረዱት የተካፈሉት ጠባይ ነው። የአዕዋፍም ቅድመ አያቶች ቅርፊት ለባሾችና በአራት እግር የሚሄዱ ስለነበሩ፣ አዞና እንሽላሊት ይህን ይዘው መቆየታቸው የሚነግረን ወፍ ብዙ መለወጧን ብቻ ነው። ከሦስት ወንድማማቾች አንዱ ልብሱን ስለቀየረ የቀሩት ሁለቱ ከበፊቱ የበለጠ ወንድማማች አይሆኑም።

አሁን የአዞን ልብ ከፍተው ይመልከቱ፦ እንደ ወፍ ልብ በአራት ክፍል ፈጽሞ የተከፈለ ነው። የእንሽላሊት ልብ ግን ሦስት ክፍል ያለው ሲሆን ደም የሚገፋው ክፍል ሙሉ ግድግዳ የለውም። ቅሪተ አካላትም አዞን፣ ዳይኖሰሮችንና ከዳይኖሰሮች የወረዱትን አዕዋፍ ወደ አንድ ቅድመ አያት ይመልሷቸዋል።

ሌላ መልስ፦
ማብራሪያው ትክክል ቢሆንም የልቡ ማስረጃ ለብቻው ሲቆም ደካማ ነው። የአጥቢዎች ልብም አራት ክፍል አለው፤ ሆኖም ጠባዩ በሁለቱ ሐረጎች ለየብቻ ስለተገኘ ወፍንና ላምን በአንድ ቅርንጫፍ የሚያስቀምጥ የለም። ተመሳሳይ ኑሮ ተመሳሳይ አካል ያወጣል፤ ቋንቋችን ራሱ በዚህ ተታሎ «ዓሣ ነባሪ» እና «የሌሊት ወፍ» የሚሉ ስሞችን ሰጥቶናል። ሁለቱም ግን አጥቢዎች ናቸው፤ እንዲያውም ለዓሣ ነባሪዎች በሕይወት ካሉት ሌሎች እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዳቸው ጉማሬ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብዙ ጠባዮችንና የዘረ መል ቅደም ተከተሎችን አንድ ላይ አሰልፈው፣ ከሚቻሉት የዘር ዛፎች መካከል ለምሳሌ ጥቂት ለውጦችን ብቻ የሚጠይቀውን ይመርጣሉ፤ ወይም ለውጦቹ የሚከሰቱበትን ዕድል በስሌት ይመዝናሉ። አዞና ወፍ በአጥንትም በዘረ መልም ሲመዘኑ ጎን ለጎን ይወጣሉ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው «ተሳቢ እንስሳት» የሚለው መደብ ስሕተት ነው ማለት ነው?

የመጀመሪያው መላሽ፦
አዕዋፍን ካላካተተ የተሟላ የዘር ቡድን አይደለም። በዚህ አከፋፈል አንድ ቡድን ተቀባይነት የሚያገኘው አንድን ቅድመ አያትና ከእሱ የወረዱትን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ምርጫው አዕዋፍን ወደ ተሳቢዎች ማስገባት ወይም ስሙን ለዕለት ንግግር መተው ነው፤ በበኩሌ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ስሙ ሥር የሰደደ ነውና። «ዓሣ» በሚለው ስም ላይ ግን ይህ መፍትሔ ይከብዳል። ባለ ሳንባው ዓሣ በዘር ሐረጉ ከሳልሞን ይልቅ ለላም ስለሚቀርብ፣ ሁለቱንም ዓሦች የሚይዝ የተሟላ ቡድን ላሚቱንም፣ እርስዎንና እኔንም ማስገባቱ አይቀርም።