«ምርጫቸው ነው» ላሉት ተንታኝ

ሰሚ ያጣች፦ አንድ ተንታኝ በሬዲዮ «ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ደመወዝ የሚያገኙት ቀለል ያለ ሥራ ስለሚመርጡ ነው፤ ምርጫቸው ነው» ሲሉ ሰማሁ። ጋዜጠኛዋም «እሺ» ብላ አለፈች! ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ማገላበጥ ነው ቀላሉ?

ሒሳብ አዋቂ፦ ሰውየው ምን አጠፉ? በየአገሩ የሚጠራው የልዩነት ቁጥር የሁሉም ሴቶች አማካይ ከሁሉም ወንዶች አማካይ ጋር ተነጻጽሮ የሚወጣ ነው። ነርስን ከቀዶ ሐኪም ጋር አስተያይቶ ተበደልን ማለት አያስኬድም።

ሰሚ ያጣች፦ ክላውዲያ ጎልዲን በ2023 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው በዚሁ ጉዳይ ነው። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ትልቁ ልዩነት ያለው በአንድ ሙያ ውስጥ ባሉ ወንድና ሴት መካከል ነው። የሚሰፋውም የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ነው። ነርስህን ይዘህ ወዲያ!

ሒሳብ አዋቂ፦ ጥሩ፣ ጎልዲንን አመጣሽልኝ። እሷ እኮ ዋናው ችግር የአለቃ ክፋት ነው አላለችም። ረጅም ሰዓት የሚሠራ፣ በተጠራ ሰዓት የሚደርስ ሰው ከድርሻው በላይ ይከፈለዋል ነው ያለችው። አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ቤት ይጠብቃል። ተስማምተው። ምርጫ!

የመንትዮች አባት፦ በዴንማርክ ተጠንቷል። ልጅ ሲመጣ የእናት ገቢ ይወርዳል፣ ከዓመታት በኋላም 20 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ይቀራል። የአባት ንቅንቅ አይልም። ምርጫው የሁለቱም ከሆነ ሒሳቡ ለምን ለአንዷ ብቻ ይመጣል? እኔ ልጆቼን እያጠብኩ ነው የምጽፈው።

አራጋቢ፦ ጭብጨባ ለአባታችን! ልጅ አጠቡልን!

የመንትዮች አባት፦ ያልወለደ ይስቃል።

ሒሳብ አዋቂ፦ ቀጣሪውስ? አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ የሚደርስለትን ቢመርጥ ምን ይፈረድበታል?

ሰሚ ያጣች፦ አሜሪካ ያሉትን ፋርማሲስቶች እይ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል፣ የመድኃኒቱ መዝገብ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ረጅም ሰዓት የሠራ በሰዓቱ ልክ ነው የሚከፈለው፣ የወንድና የሴቱም ልዩነት ትንሽ ነው። ሴቶቹ ምርጫቸውን ቀየሩ? አልቀየሩም። ሥራው ነው የተቀየረው።

ሒሳብ አዋቂ፦ ሁሉም ሥራ ክኒን ቆጠራ አይደለም።

ሰሚ ያጣች፦ ክኒን ቆጠራ! የሰው ሙያ ስታቃልል ግን ትችልበታለህ።

አራጋቢ፦ እንደ አይስላንድ ሴቶች ማድረግ ነው። በጥቅምት 24 ቀን 1975፣ በፈረንጆቹ፣ 90 በመቶዎቹ የቢሮም የቤትም ሥራ አቆሙ። አባቶች ልጅ አንጠልጥለው ቢሮ ገቡ።

ሒሳብ አዋቂ፦ ለአንድ ቀን።

አራጋቢ፦ በሚቀጥለው ዓመት የእኩልነት ሕግ ወጣ። አንድ ቀን አነሰህ?

ሒሳብ አዋቂ፦ ሕጉ ይህን ያህል ከሠራ በ2023 ለምን ደግመው ወጡ?

ሰሚ ያጣች፦ እኛስ ምን እያልንህ ነው?

የመንትዮች አባት፦ ያልወለደ ይስቃል ያልኩት ለአራጋቢ ነው፤ በውስጥ መስመር የምትሰድቡኝ ተዉ።